«ሲ»፣ «ሉክ» እና «ዎች» አንድ አይደሉም፤ «ቪዚት»ም አገር ማየት ብቻ አይደለም

ስለ እንግሊዝኛ የማየትና የመጎብኘት ቃላት የቀረበውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በጉጉት፣ ቀጥሎ እርሳስ ይዤ። ጸሐፊው ለጀማሪ ተማሪ አስበው በቅን ልቦና እንደጻፉት ከአቀራረባቸው ይታወቃል። ችግሩ ጀማሪ የሚባለው ሰው የተነገረውን ሁሉ እንዳለ የሚቀበል መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተሳሳተ ትርጉም የያዘ ሰው ያንኑ ትርጉም ዓመታት ይዞት ይዞራል። እኔ የምኖረው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በመመለስ ነው። እንዲህ ያሉት ስሕተቶች በየደብዳቤውና በየሪፖርቱ ስለሚያጋጥሙኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው የሚለውን ባጭሩ ላስቀምጥ። «ሲ»፣ «ሉክ» እና «ዎች» ሦስቱም «ማየት» ስለሆኑ አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል ይላል። «ዎች» የእጅ ሰዓትም መሆኑ ተራ አጋጣሚ ነው ይላል። «ቪዚት» ዓይን ከሚለውና መሄድ ከሚለው ሁለት ቃል የተገጠመ ነው፣ ትርጉሙም አገር መጎብኘት ነው፣ ቪዛ ደግሞ የእርሱ አጭር ስም ነው ይላል። «ሳይት» የሚባለው በሁለት ዓይነት ፊደል የሚጻፍ አንድ ቃል እንደሆነ፣ «ሾርት ሳይትድ» ቅርቡን ማየት ያቃተው ሰው እንደሆነ፣ የቫቲካኑ «ሆሊ ሲ» «ቅዱስ ተመልካች» ማለት እንደሆነ፣ «ኦቨርሳይት» ክትትል እንደሆነ ያስተምራል። መደምደሚያው ግን ከሁሉም ይበልጥ ከነከነኝ፦ አማርኛ በዚህ ረገድ ድሃ ቋንቋ ስለሆነ ሁሉንም በ«ማየት» ከመሸፈን ሌላ አማራጭ የለውም ይላል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አንድ ሰው ቁልፍ ጠፍቶበት ክፍሉን ሲያስስ አስቡት። ጠረጴዛውን ይመለከታል፣ አልጋው ሥር ይመለከታል፣ ኪሱን ይፈትሻል። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመጽሐፉ አጠገብ ተቀምጧል። ሰውየው ጠረጴዛውን ተመለከተ፣ ቁልፉን ግን አላየም። እንግሊዝኛ ይህን ሲነግረን የመጀመሪያውን «ሉክ»፣ ሁለተኛውን «ሲ» ይለዋል። «ሉክ» ዓይንን ሆን ብሎ ወደ አንድ ነገር ማዞር ነው፤ ሥራ ነው። «ሲ» ግን ነገሩ ዓይን ውስጥ ሲገባ የሚሆነው ነው፤ ውጤት ነው። መመልከትን ማዘዝ ይቻላል፣ ማየትን ማዘዝ ግን ከባድ ነው። ጸሐፊው እንዳሉት አንዱን በሌላው ብንተካው ያ ሰው ቁልፉን እያየ እንዳላየው የሚናገር ዓረፍተ ነገር እናገኛለን።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። «ሰማሁ» እና «አዳመጥኩ» አንድ ናቸው የሚል ሰው የለም። ድምፅ ሳይፈልጉት ይሰማል፤ ለማዳመጥ ግን ጆሮ መስጠት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛም በጆሮ በኩል «ሂር» እና «ሊስን» ብሎ ለይቷል። «ሲ» የዓይን «ሂር» ነው፣ «ሉክ» የዓይን «ሊስን» ነው። ይህን አንድ ጊዜ የተረዳ ተማሪ ደግሞ አይሳሳትም። ተማሪዎችን ሳስተምር ከዚህ ንጽጽር የበለጠ የረዳኝ ነገር የለም።

ሌላም አለ። እንግሊዝኛ በዚህ ትርጉሙ «ሲ»ን ድርጊቱ እየተከናወነ መሆኑን በሚያሳየው፣ በ«አይ ኤን ጂ» ፊደላት በሚጨርሰው ቅርጽ አያስኬደውም። ተራራ ፊቱ ተገትሮ የሚያይ ሰው «ማየት እችላለሁ» በሚል መልክ ይናገራል። አማርኛ ደግሞ «ተራራው ይታየኛል» ይላል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ አድራጊው ተራራው ነው። እኔ ያደረግሁት ነገር የለም፤ ተራራው ታየኝ። ሰዋስዋችን «ሲ» የድርጊት ሳይሆን የውጤት ቃል መሆኑን ከእንግሊዝኛው ራሱ በበለጠ ግልጽ አድርጎ ያስቀምጠዋል። እንግሊዝኛው «ሲ»ን በዚያ ቅርጽ ለሰው ሲናገረው ደግሞ ትርጉሙ ይቀየርና ብዙ ጊዜ የፍቅር ግንኙነትን ያመለክታል። «እህትህን እያየኋት ነው» ለማለት የፈለገ ተማሪ ቃል በቃል ቢተረጉመው፣ ወንድምየው የሚሰማው እኔና እህትህ ፍቅር ይዘናል የሚል ነው። ጸሐፊው «ልዩነት የለውም» ያሉት ቃል እንዲህ ያለ ጣጣ ያመጣል።

«ዎች»ስ? ይህ ቃል ጊዜን ይዞ ይሄዳል። የሚንቀሳቀስን ወይም ሊለወጥ የሚችልን ነገር ዓይን ሳይነቅሉ መከታተል ነው። ለዚህ የምሰጠው መፈተኛ ፎቶግራፍ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለን ፎቶግራፍ «ሉክ» ይሉታል እንጂ «ዎች» አይሉትም። አንድ ሰው ያንን ፎቶግራፍ «ዎች» አድርገው ቢላችሁ፣ ከአሁን አሁን ይንቀሳቀሳል ብላችሁ መጠበቅ አለባችሁ። ቴሌቪዥንን «ዎች» የሚሉት ለዚህ ነው። ፊልምን በተመለከተ በሁለቱም መናገር ይቻላል፤ ፊልሙን «ሲ» ያደረገ ሰው አይቶት ያውቃል፣ «ዎች» የሚያደርግ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ እየተከታተለው ነው። ሕፃን «ዎች» አድርግልኝ የተባለ ሰው ደግሞ ልጁን ዝም ብሎ እንዲያየው ሳይሆን እንዲጠብቀው ነው የተጠየቀው።

ይህ የመጠበቅ ትርጉም ነው ወደ ሰዓቱ የሚወስደን። ጸሐፊው የእጅ ሰዓት «ዎች» መባሉን አጋጣሚ ብለውታል። አይደለም። ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ነቅቶ ማደር ማለት ነበር፤ መንቃት ከሚለው «ዌክ» ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። ነቅቶ የሚያድር ሰው ዘበኛ ነው። ዘበኛ ደግሞ በተራ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሌሊቱ በጥበቃ ተራ ተከፋፈለ፣ እያንዳንዱም ተራ «ዎች» ተባለ። በመርከብ ላይ እስከ ዛሬ ድረስ የጥበቃ ተራ በዚሁ ስም ይጠራል፤ የተለመደው ርዝመቱም 4 ሰዓት ነው። የጊዜ መቁጠሪያው መሣሪያ ስምም የወጣው ከዚሁ ከመንቃትና ከመጠበቅ ትርጉም ነው።

ይህን አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ኢየሱስ በባሕር ላይ እየሄደ ወደ ደቀ መዛሙርቱ የመጣው በሌሊቱ አራተኛ «ዎች» ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በትክክል «በአራተኛው ክፍል» ብሎታል። ሮማውያን ሌሊቱን ለአራት የጥበቃ ተራ ይከፍሉት ስለነበር አራተኛው ክፍል ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት ያለው ነው። «ዎች» ማለት ሰዓት ነው ብሎ የያዘ ተማሪ ግን ከሌሊቱ አራት ሰዓት ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሊነጋ ሲል የሆነው ነገር ሰው ገና ሳይተኛ የሆነ ይመስላል።

ከዚህ ክፍል ሳልወጣ ስለ «ሉክ» አንድ ነገር ልጨምር፤ ጽሑፉ ጨርሶ ዘሎታልና። «ሉክ» ብዙ ጊዜ ብቻውን አይቆምም። ከኋላው የሚከተለው ትንሽ ቃል ትርጉሙን ይገለብጠዋል። ከ«አት» ጋር ተመለከተ ነው፣ ከ«ፎር» ጋር ፈለገ ነው፣ ከ«አፍተር» ጋር ተንከባከበ ነው፣ ከ«ኢንቱ» ጋር መረመረ ነው። ሰውን ከ«ዳውን ኦን» ጋር ናቀ፣ ከ«አፕ ቱ» ጋር አከበረ ነው። ከ«ፎርዋርድ ቱ» ጋር በጉጉት መጠበቅ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን በተለይ አነሣኋት፤ በደብዳቤ መዝጊያ ላይ «ከእርስዎ ለመስማት ወደ ፊት እመለከታለሁ» የሚል አማርኛ ደጋግሜ አይቻለሁና። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ወደ ፊት እየተመለከተ ሌላ ሰው አይሰማም። «መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ» ማለት ነበር።

አሁን ወደ «ቪዚት» እንለፍ። ጸሐፊው ቃሉን ለሁለት ሰንጥቀው «ቪዝ» ዓይን፣ «ኢት» መሄድ ሲሉ ሐሳቡ ያምራል፤ ሄዶ ማየት የሚለው ትርጉምም ከውጤቱ ጋር ይገጥማል። ግን ቃሉ የተሠራው እንደዚያ አይደለም። ምንጩ በላቲን ማየት የሚለው «ቪዴሬ» ነው። ከእርሱ ሄዶ ማየት፣ አተኩሮ ማየት የሚል «ቪሴሬ» ወጣ፤ ከዚያ ደግሞ እየተመላለሱ ማየት የሚል «ቪሲታሬ»። በመጨረሻው ቃል ላይ የተጨመረው «ኢታ» መሄድ ማለት ሳይሆን የድርጊትን መደጋገም የሚያሳይ ቅጥያ ነው። አማርኛ ነካ የሚለውን ነካካ፣ ሰበረ የሚለውን ሰባበረ ብሎ እንደሚደጋግመው ማለት ነው። ማረጋገጫ ለሚሻ፣ «ኤጂቴት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይይ፤ መንዳት ከሚለው የላቲን ቃል በዚሁ «ኢታ» ተራብቶ ደጋግሞ መነቅነቅ ማለት ሆነ። በውስጡ መሄድ የሚባል የለም።

እንግሊዝኛ ቃሉን በፈረንሳይኛ በኩል ሲቀበል ደግሞ አገር ጎብኚ የሚባል ሰው በሐሳቡ አልነበረም። ቀዳሚዎቹ ትርጉሞች የሃይማኖትና የርኅራኄ ናቸው። እግዚአብሔር ሕዝቡን ይጎበኛል፤ ሰው የታመመን፣ የተቸገረን ይጠይቃል። የንጉሥ ጄምስን ትርጉም እንደገና ብንከፍት፣ በማቴዎስ ምዕራፍ 25 የታመመውን ያዩት ጻድቃን ያደረጉት ነገር «ቪዚት» ነው፤ አማርኛው «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» ይላል። በሉቃስ ምዕራፍ 1 እግዚአብሔር ሕዝቡን ያደረገው ነገርም «ቪዚት» ነው፤ አማርኛው «ጎብኝቶ» ይላል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ደግሞ የአባቶችን ኃጢአት በልጆች ላይ «ቪዚት» ያደርጋል፤ እዚህ ላይ ትርጉሙ መቅጣት፣ በደልን ማምጣት ነው። ያው አንድ ቃል ማጽናናትንም መቅጣትንም ተሸከመ፤ በሁለቱም ከበላይ የሆነው መጥቶ ማየቱ አለና። «ቪዚቴሽን» የሚለው ቃል ወረርሽኝንና መዓትን ለመጥራት ሲያገለግል የኖረው ከዚህ የተነሣ ነው። «ቪዚት ማለት አገር መጎብኘት ነው» ብሎ የተማረ ሰው ይህን ክፍል ሲያነብ ምን ይረዳል?

በዛሬው እንግሊዝኛም ቢሆን «ቪዚት» ሰፊ ነው። ተቆጣጣሪ ፋብሪካን ለመመርመር ሲሄድ «ቪዚት» ነው፤ በአማርኛም ጎበኘ እንለዋለን። ሰው ድረ ገጽ ሲከፍት «ቪዚት» ነው። የሜዳው ባለቤት ያልሆነው ቡድን «ቪዚቲንግ» ይባላል፤ እኛ እንግዳው ቡድን እንላለን። ለተወሰነ ጊዜ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ፕሮፌሰርም እንዲሁ፤ እኛ ተጋባዥ እንለዋለን። አሜሪካኖች ደግሞ ከ«ዊዝ» ጋር አድርገው ሲናገሩት ቁጭ ብሎ መጨዋወት ማለታቸው ነው፤ ይህም ከቦታ ቦታ ሳይሄዱ፣ በስልክ እንኳ ሊሆን ይችላል። የሆስፒታሉ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ግን የሚተረጎመው «የጉብኝት ሰዓት» ተብሎ አይደለም። «የበሽተኛ መጠየቂያ ሰዓት» ነው። በሽተኛ ሐውልት አይደለምና አይጎበኝም፤ ይጠየቃል።

ሆስፒታል ካነሣን አይቀር አንድ የሚገርመኝን ነገር ልናገር። ጠያቂው የሚሄድበት ሆስፒታልና አገር ጎብኚው የሚያድርበት ሆቴል ከአንድ የላቲን ቃል የመጡ ናቸው፤ ቃሉ «ሆስፔስ» ሲሆን እንግዳንም እንግዳ ተቀባይንም ይጠራበት ነበር። «ገስት» የሚባለው እንግዳና «ሆስት» የሚባለው አስተናጋጅ በእንግሊዝኛ ተቃራኒ ቢመስሉም ወደ ኋላ ሲሄዱ አንድ ሥር ላይ ይገናኛሉ። ጸሐፊው የቃላት ዝምድና ለማሳየት ከፈለጉ እንዲህ ያለ እውነተኛ ምሳሌ ሞልቶላቸው ሳለ የሌለ መሥራት አያስፈልጋቸውም ነበር።

ከሐኪም ጋር የተያያዘም አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲታመም ሐኪም ሊያይ ይሄዳል። አማርኛ ተናጋሪ ሲታመም ሐኪም ዘንድ ሊታይ ይሄዳል። እኛ የምንታይ ነን፣ ሐኪሙ የሚያይ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን አቅጣጫውን ወደ በሽተኛው አዙሮታል፣ ምንም እንኳ ተራ ሲደርስ «ሐኪሙ አሁን ያይዎታል» ማለታቸው ባይቀርም። ስለዚህ «ሐኪም አየሁ» የሚል ትርጉም ስናነብ ሐኪሙን መንገድ ላይ ያገኘው ይመስለናል። «ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ታየሁ» ነው የሚባለው።

ቪዛን በተመለከተ በአጭሩ፦ የ«ቪዚት» አጭር ስም አይደለም። በላቲን «የታየ ወረቀት» ከሚለው ሐረግ «የታየ» የሚለው ቃል ተነጥሎ ቀርቶ ነው። ባለሥልጣን ሰነዱን አይቶ መመርመሩን የሚመሰክር ምልክት ነበር። እውነት ነው፣ ሁለቱም ከ«ቪዴሬ» ይወለዳሉ፤ ግን ወንድማማች እንጂ አባትና ልጅ አይደሉም። ጸሐፊው «ቪዚት»፣ «ቪዥን» እና «ቴሌቪዥን» የአንድ ቤተሰብ ናቸው ማለታቸው ግን ትክክል ነው፤ ይህን ሳልመሰክር አላልፍም። «ቴሌቪዥን» የሚለውን ስም ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ፔርስኪ እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ በተካሄደው የኤሌክትሪክ ጉባኤ ላይ ሲጠቀምበት የመጀመሪያው ግማሽ ከግሪክ «ሩቅ»፣ ሁለተኛው ከላቲን «ማየት» የተወሰደ ነበር።

ስለ «ሳይት» ብዙ መናገር አያስፈልግም። በድምፅ አንድ የሆኑ ሦስት ቃላት አሉ፤ በምንጭ አይገናኙም። በመሃሉ ጂ እና ኤች ያለበት ማየት ከሚለው «ሲ» የተገኘ ሲሆን እይታ ማለት ነው። በኢ የሚጨርሰውና በኤስ የሚጀምረው ከላቲን የመጣ ሆኖ ቦታ ማለት ነው፤ በአማርኛ «ሳይት» ብለን የተቀበልነው የግንባታ ቦታ ይኸው ነው፤ ድረ ገጽም የሚጻፈው በእርሱ ነው። ሲ በተባለው ፊደል የሚጀምረው ሦስተኛው ደግሞ መጥራት ከሚለው የላቲን ቃል መጥቶ ጠቀሰ ማለት ሆኗል። አገር ጎብኚዎች የሚያዩት «ሳይትስ» በመጀመሪያው ነው የሚጻፈው፤ ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች ማለት ነውና። ሰዎች በቦታው አጻጻፍ የሚጽፉት የጉብኝት ቦታ ብለው ስለሚያስቡ ነው። ስሕተቱ የሚገባ ነው፤ ቢሆንም ስሕተት ነው።

«ሾርት ሳይትድ» ግን ለጤናም ስለሚያሳስብ ቆም ልበል። ጸሐፊው የገለበጡት ነገር ነው። ያጠረው እይታው የሚደርስበት ርቀት ነው፤ ስለዚህ ቅርቡን ያነባል፣ ሩቁ ይደበዝዝበታል። አሜሪካኖች ይህንኑ ቅርብ አይ ብለው ይጠሩታል። «ሎንግ ሳይትድ» በተቃራኒው ሩቁ ይታየዋል፣ መጽሐፍ ሲያነብ ግን ዓይኑ ይቸገራል። በምሳሌያዊ አነጋገር ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያው አርቆ የማያስብ ይባላል፤ አማርኛና እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል።

«ሆሊ ሲ»ን «ቅዱስ ተመልካች» ማለት በአንድ ድምፅ ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው። ይህ «ሲ» ከማየት ጋር ዝምድና የለውም፤ በላቲን መቀመጫ ከሚለው «ሴዴስ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። ጳጳስ የሚቀመጥበት ወንበር፣ ከዚያም ሀገረ ስብከቱ ማለት ነው። አማርኛው ቅድስት መንበር ይለዋል። መንበር የሚለው ቃል በግእዝ ተቀመጠ ከሚለው «ነበረ» የወጣ ስለሆነ ትርጉሙ ከላቲኑ ጋር ልክ በልክ ነው። ይህን የተረጎሙት አባቶች የቃሉን ሥር አውቀው እንደሠሩት በግልጽ ይታያል።

አሁን ወደ «ኦቨርሳይት» ልምጣ። ክትትል፣ ቁጥጥር ማለት መሆኑ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ግን ሰውን ይጎዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ፤ አንዱ እንግሊዝኛ፣ ሌላው ትርጉሙ። አመልክቶበት ከነበረ ተቋም የተላከለት ደብዳቤ ነው። ትርጉሙ «በእኛ በኩል በተደረገ ክትትል ምክንያት ስምዎ ከዝርዝሩ ቀርቷል» ይላል። ሰውየው ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቷል፤ ምን አጥፍቼ ነው ክትትል የተደረገብኝ ብሎ። እንግሊዝኛውን ሳነበው ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነበር። «በእኛ ስሕተት ሳናስተውለው ስምዎ ቀርቷል፤ አሁን አስገብተነዋል» የሚል። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ሁለተኛውን መስመር በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ያቺን ጣት አልረሳትም።

አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ትርጉም የያዘው «ኦቨር» ሁለት መንገድ ስላለው ነው። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ማየት አለ፤ ይህ ቁጥጥር ነው። ከነገሩ በላይ አሳልፎ ማየት አለ፤ ይህ ሳያስተውሉ ማለፍ ነው። «ኦቨርሉክ» የተባለው ግስም እንዲሁ ነው፤ ሳያዩ ማለፍ፣ አይቶ ይቅር ማለት፣ እንዲሁም ከፍ ያለ ቤት ወይም መስኮት ከታች ያለውን ቦታ ቁልቁል ማሳየቱ ሁሉ በእርሱ ይነገራል። አማርኛም «አለፈ» ሲል ስሕተቱን ሳያየው አለፈውም፣ አይቶ አለፈለትም ይላል። የሁለቱን «ኦቨርሳይት» ለመለየት የሚረዳ ምልክት አለ፦ ቃሉ ከፊቱ አንድ የሚል መስተአምር ከያዘ ወይም ከበዛ በአብዛኛው ስሕተት ነው፤ ሳይቆጠር ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደግሞ ቁጥጥር ነው።

የቀረው አማርኛ ድሃ ነው የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው «ማየት»ን ብቻ ቆጥሮ ቤቱን ሳይፈትሽ ወጥቷል። ቀና ብሎ ወደ ላይ ማየት አንጋጠጠ ነው፤ እንግሊዝኛ ለዚህ ሁለት ቃል መደርደር አለበት። በቀዳዳ ማየት አጮለቀ ነው። ዓይንን ሩቅ ልኮ ግራ ቀኝ መፈለግ አማተረ ነው። ዓይንን ሳይሰብሩ ማየት አፈጠጠ፣ በቁጣ ወይም በንቀት ከጎን ማየት ገረመመ፣ ገላመጠ ነው። አካባቢን መዞርና ሁኔታውን መመርመር ቃኘ ነው። ልብን ጨምሮ ማየት አስተዋለ ነው። «ግሊምፕስ» የሚለውን ቃል ለመተርጎም ሲቸገሩ ያየኋቸው አሉ፤ በጨረፍታ ማየት ምን ጎደለው? ሰው ሰውን ሲያገኝ ተያየን ይላል፤ ለይምሰል የሚደረገውን ታይታ ይለዋል። እንግሊዝኛ «ቪው» ብሎ እይታንም ሐሳብንም ሲጠራ፣ እኛ ሐሳብን ከማየት አስተያየት፣ ከመመልከት አመለካከት ብለን አውጥተናል።

ከዚያ በታች ደግሞ ግእዝ አለ። እንግሊዝኛ ለዕለት ኑሮው ከጀርመናዊ ቤተሰቡ የወረሰውን «ሲ» እየተናገረ ለከበደው ነገር ከላቲንና ከፈረንሳይኛ «ቪዥን» እና «ቪው» ተበደረ። እኛም ለዕለቱ ማየት እያልን ለከበደው ነገር ርእየ ከሚለው ግእዝ ራእይን፣ ትርኢትን፣ ርእዮተ ዓለምን አወጣን፤ ነጸረ ከሚለው ደግሞ መነጽርንና አንጻርን። ሁለቱ ቋንቋዎች የሠሩት አንድ ዓይነት ሥራ ነው። «ቪዥን» እንኳ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ መጀመሪያ የያዘው ትርጉም ከሰው ዓይን በላይ የሆነ መገለጥ ነበር፤ ራእይ ማለት ነው። የዓይን ምርመራ ወረቀት ላይ «የራእይ ምርመራ» ብሎ መጻፍ የማይገባውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ እዚያ የሚለካው የማየት ኃይል ነው።

ለነገሩ የመጎብኘቱን ቃል ብንቆጥር ድሃው ማን ሊሆን ነው? እንግሊዝኛ በ«ቪዚት» የሚሸፍነውን እኛ ለቦታ ጎበኘ፣ ለዘመድና ለበሽተኛ ጠየቀ፣ ለተቀደሰ ስፍራ ተሳለመ ብለን ከፋፍለነዋል። ጠየቀ የሚለው ደግሞ ሌሎቹ የሌላቸውን ነገር ይዟል። ሄጄ አየሁህ ብቻ ሳይሆን እንዴት ነህ አልኩህ ማለት ነው።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ ለተማሪዎች አምስት መልመጃ ሰጥተው መልሱንም አስቀምጠዋል። አምስተኛው «አክስቴን ልጠይቃት ሄድኩ» የሚል ነው። መልሱን የሠሩት «አስክ» በሚለው ቃል ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛው ላይ ልጁ ወደ አክስቱ የሄደው ጥያቄ ይዞ ነው። አንባቢው ምን ጠየቃት ብሎ ይጠብቃል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን እዚያው ያበቃል። «ቪዚት» ቢሉት ወይም ሊያያት ሄደ ብለው በ«ሲ» ቢጽፉት ሁለቱም ልክ ነበሩ። ጽሑፉ በድጋሚ የሚታረም ከሆነ ከዚህች ዓረፍተ ነገር እንዲጀምሩ እለምናቸዋለሁ፤ ልጁ አክስቱ ዘንድ የሄደው ታማ ሊሆን ይችላል።